አፉ የራሱ፣ ቃሉ የማን? ከሩሲያ ድኅረ ዘመናዊ ልቦለድ ጀርባ ያለው ጥያቄ

በሚያዝያ 2024 ከሩሲያ ግዙፍ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው አኤስቴ የቭላድሚር ሶሮኪንን «ውርስ» የተባለ ልቦለድ ከሽያጭ አወረደ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከታተመ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሰበቡ «ባህላዊ ያልሆነ የፆታ ግንኙነትን ማስተዋወቅ» የሚከለክለው ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ቪክቶር ፔሌቪን እንደ ልማዱ አዲስ ልቦለድ ይዞ ብቅ አለ። እሱን የነካው የለም።

ሁለቱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስማቸው ተያይዞ የሚነሳ ደራስያን ናቸው። የሩሲያ ድኅረ ዘመናዊ ልቦለድ ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩትም እነሱ ናቸው። ከ2022 ወዲህ ማለትም በዩክሬን ላይ የተከፈተው ጦርነት ከጀመረ በኋላ፣ በእነሱና በመሰሎቻቸው ዙሪያ ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንደኛው «ነቢያት ናቸው፤ የመጣውን ሁሉ ቀድመው ጽፈውታል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ እውነት የሚባል ነገር የለም እያሉ ሰዉን ያለማመዱት እነሱ ናቸው፤ ክሬምሊንም የተማረው ከእነሱ ነው» ይላል።

ሁለቱም ወሬ ለአፍ ይጥማል። ሁለቱም ግን ደራስያኑ ዓይናቸውን የተከሉበትን ነገር ዘሎ ያልፋል። እነዚህ ሰዎች ከአርባ ዓመት በላይ ያፈጠጡት ቋንቋ ላይ ነው። ሰው «እኔ አሰብኩ» ሲል ያሰበው በእርግጥ እሱ ነው? ወይስ ቀድሞ አፉ ውስጥ የተቀመጠ ቃል ነው ያሰበለት? የመጻሕፍቱ ግማሽ ቀልድና ግማሽ አስፈሪነት የሚመነጨው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መፈክር ሲትረፈረፍ

ድኅረ ዘመናዊነት የሚለው ስም ብዙ ስለተወራበት ደብዝዟል። ስለ ልቦለድ ሲነገር ግን ጥቂት የሚጨበጡ ምልክቶች አሉት። ደራሲው የተለያዩ የአጻጻፍ ስልቶችን ያደባልቃል። የቀደሙ ጽሑፎችን እየጠቀሰ ያሾፍባቸዋል። ሁሉን ጠቅልሎ የሚያስረዳ አንድ ትልቅ ታሪክ አለ ሲሉት ይጠራጠራል። አንባቢው በእጁ የያዘው የተጻፈ ነገር መሆኑን እንዲረሳም አይፈቅድለትም።

ንቃተ ኅሊና ደግሞ ሰው ራሱን፣ ያለበትንና የሚያደርገውን የሚያውቅበት የውስጥ ዓይን ነው። በሶቪየት ኅብረት ቃሉ ሌላ ሥራም ነበረው። «ንቃተ ኅሊናው የዳበረ ሠራተኛ» ማለት ፓርቲው የሚለውን የተቀበለ ሠራተኛ ማለት ነው። የደርግን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሞስኮ የነበረው ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት የርዕዮተ ዓለም መጻሕፍትን በአማርኛ ያትም ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «አድኃሪ»፣ «ንዑስ ከበርቴ»፣ «ግለ ሂስ» እየተባለ ሲነገር፣ ተናጋሪው ራሱ ምን ያህል ያምንበት እንደነበር ማወቅ ቀላል አልነበረም።

በምዕራቡ ዓለም ድኅረ ዘመናዊነትን የወለደው የዕቃ፣ የማስታወቂያና የቴሌቪዥን መትረፍረፍ ነው ይባላል። ፈረንሳዊው ዣን ቦድሪያር «ሲሙላክር» ሲል የጠራው ነገር አለ። ዋናው የሌለ ቅጂ ማለት ነው። ምስሉ በዝቶ በዝቶ ከምስሉ ጀርባ ምንም አይቀርም። ታዲያ ማስታወቂያ በሌለበት፣ የሱቁ መደርደሪያም ባዶ በሆነበት በሶቪየት ኅብረት ይህ እንዴት ሊበቅል ቻለ?

ሞስኮ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ሚኻይል ኤፕሽቴይን ያቀረበው መልስ ቀላል ነው። እዚያ የተትረፈረፈው መፈክር ነው። ጋዜጣው ያልታጨደ እህል ያጭዳል። ሪፖርቱ ያልተሠራ ፋብሪካ ይመርቃል። ዋናው የሌለ ቅጂ ማምረት ሩሲያ ውስጥ ከገበያው በፊት የመንግሥት ሥራ ነበር።

የሌኒንግራዱ ተወላጅ አንትሮፖሎጂስት አሌክሲ ዩርቻክ በ2005 ባሳተመው ጥናት ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠለቅ ብሎ ያሳያል። ስታሊን በሕይወት እያለ ከቋንቋው በላይ ቆሞ «ይህ ትክክል ነው፣ ይህ ስህተት ነው» የሚል አንድ ሰው ነበር። እሱ በ1953 ሲሞት ያ ወንበር ባዶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ንግግር የሚያዘጋጅ ካድሬ ሁሉ ራሱን የሚጠብቅበት አንድ መንገድ ነበረው፤ ከእሱ በፊት የተባለውን ቃል በቃል መድገም። እየተደጋገመ የይፋው ቋንቋ ደረቀ። ትርጉሙን የሚሰማው ጠፋ። ሰዎች ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጡ ነበር። የሚዋሹ ግን አልነበሩም፣ የሚያምኑም አልነበሩም። ሥርዓቱን ይፈጽሙና ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ።

ይህ «መዋሸትም ማመንም ያልሆነ» ሁኔታ ነው ደራስያኑን የማረካቸው። የሚዋሽ ሰው ውስጡ ሌላ እውነት ይዟል። የሚያምን ሰው አንድ ነው። እጁን አውጥቶ ስለ ምሳው የሚያስብ ሰው ውስጥ ግን የሚናገረው ማነው?

ቀዳሚዎቹ

የመጀመሪያዎቹ መልሶች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በእጅ ለእጅ ቅጂ ተሰራጩ። የቬኔዲክት ኤሮፌቭ «ሞስኮ-ፔቱሽኪ» የአንድ ሰካራም የባቡር ጉዞ ነው። ሰውዬው በየጣቢያው እየጠጣ ያወራል። በወሬው ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የጋዜጣ መፈክር፣ ፍልስፍናና የኮክቴል አሠራር ተራ በተራ ይናገራሉ። የሱ የሚባል አንድ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም የመጽሐፉ ሐዘን ሙሉ በሙሉ የሱ ነው። ልቦለዱ መጀመሪያ የታተመው በ1973 እስራኤል ውስጥ ነው። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የወጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ያተመው መጽሔት ስሙ «ከመጠጥ መታቀብና ባህል» ነበር። ደራሲ ቢፈጥረው የተጋነነ ይባል ነበር።

የሳሻ ሶኮሎቭ «የሞኞች ትምህርት ቤት» በ1976 አሜሪካ ታተመ። ተራኪው አእምሮው ለሁለት የተከፈለ ልጅ ነው። ሁለቱ «እኔ»ዎች እርስ በርስ ይከራከራሉ። ጊዜ ወደፊት አይሄድም። አንድ ቃል ሌላውን በድምፁ እየጠራ ታሪኩን ወዳልታሰበ ቦታ ይወስደዋል።

በሞስኮ ደግሞ «ኮንሴፕቹዋሊስቶች» የሚባሉ አርቲስቶችና ገጣሚዎች ተሰባሰቡ። ሠዓሊው ኢልያ ካባኮቭ፣ ገጣሚዎቹ ድሚትሪ ፕሪጎቭና ሌቭ ሩቢንስታይን ከነሱ መካከል ናቸው። የጋራ ሐሳባቸው የይፋውን ቋንቋ መቃወም አልነበረም። ቋንቋውን አንስተው እንደ ዕቃ ማሳያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ፕሪጎቭ ስለ ፖሊስ ሲጽፍ እንደ ታማኝ ዜጋ እያወደሰ ነው። ውዳሴው ግን በጣም ከመሙላቱ የተነሳ ይሰነጠቃል። ሩቢንስታይን ከቤተ መጻሕፍት ሥራው የለመደውን ካርድ ተጠቅሞ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ መስመር የተባራሪ ንግግር ጻፈ። ማን እንደተናገረው አይታወቅም። ሶሮኪን የወጣው ከዚህ ክበብ ነው።

ሶሮኪን፦ ዓረፍተ ነገሩ ሲፈርስ

ሶሮኪን በ1955 ተወለደ። የተማረው የነዳጅና ጋዝ ምህንድስና ነው፤ ኑሮውን የገፋው ግን ለመጻሕፍት ሥዕል በመሥራት ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዱ «ሰልፉ» በ1985 ፓሪስ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ተራኪ የለም። ዕቃ ለመግዛት የተሰለፉ ሰዎች ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስም ሲጠራ ገጽ ሙሉ ስም እናነባለን። ጀግናው ሲተኛ ገጹ ባዶ ይሆናል። ቋንቋ ሲቆም ሰውም የለም ማለት ነው።

«ኖርማ» የበለጠ ይጨክናል። በመጀመሪያው ክፍል ዜጎች ሁሉ በየቀኑ ከመንግሥት የሚታደል «ኖርማ» የሚባል ነገር ይበላሉ። አፍንጫውን ይዞ የሚውጥ አለ። ቆራርሶ ሾርባ ውስጥ የሚከት አለ። ምን እንደሆነ የሚገባን ቀስ በቀስ ነው፤ ደረቅ ዓይነ ምድር ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስለሱ ብዙም አያወሩም። ግዴታ ነው፣ ይበላል፣ አለቀ። ዩርቻክ በጥናት የገለጸውን ሁኔታ ሶሮኪን ከሃያ ዓመት በፊት በሆድ በኩል ጽፎታል።

ለእኔ ከዚያው መጽሐፍ የሚልቀው የደብዳቤዎቹ ክፍል ነው። አንድ ሽማግሌ የሰው የበጋ ቤት ይጠብቃል። ለባለቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ሰላምታው ያማረ ነው። ስለ አትክልቱ፣ ስለ ጣሪያው ይዘግባል። በሚቀጥለው ደብዳቤ ትንሽ ቅሬታ ትገባለች። ቅሬታው ስድብ ይሆናል። ስድቡ ቃላቱን መስበር ይጀምራል። በመጨረሻ የቀረው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ገጽ በገጽ የሚደረደር ጩኸት። ትሕትናው የሽማግሌው አልነበረም፣ የቋንቋው ነበር። ሲላላ ግን ከሥሩ «እውነተኛው ሰው» አልወጣም። እዚህ ላይ ሶሮኪን ከተለመደው ተቃዋሚ ደራሲ ይለያል። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ሰሙን ልጦ ወርቁን ይጠብቃል። ሶሮኪን ዘንድ ሰሙን ሲልጡት የሚገኘው ሌላ ሰም ነው።

በ1994 የታተመው «ሮማን» ይህንኑ በታላቁ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ላይ ይሞክራል። ርዕሱ የጀግናው ስም ነው፣ በሩሲያኛም «ልቦለድ» ማለት ነው። መንደሩ፣ አደኑ፣ ሳሞቫሩ፣ ፍቅሩ፣ ሠርጉ ሁሉ በወጉ ይሄዳል። ከሠርጉ በኋላ ሮማን መጥረቢያ ያነሳል። ግድያው ሲረዝም ዓረፍተ ነገሮቹ ያጥራሉ። ቅጽል ይጠፋል። ባለቤትና ግስ ብቻ ይቀራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሮማን ሞተ የሚል ነው። የቱ ሮማን እንደሞተ መገመት ለአንባቢው ተትቷል። መጽሐፉ ለማንበብ አድካሚ ነው፤ ድካሙ ግን የታሰበበት ነው።

ሶሮኪን በዚያ ዘመን ገጸ ባሕርያት በወረቀት ላይ ያሉ ፊደላት ብቻ ናቸው ይል ነበር። የሀገሩ አንባቢ ሁሉ ግን በዚህ አልተስማማም። በ1999 «ሰማያዊ ጮማ» ወጣ። በ2002 «አብረው የሚጓዙ» የተባለ የክሬምሊን ደጋፊ የወጣቶች ማኅበር ቦልሾይ ቲያትር ፊት ለፊት ግዙፍ የሽንት ቤት መቀመጫ ሞዴል አቁሞ መጻሕፍቱን እየቀደደ ጨመረበት። በወሲብ ቀስቃሽ ጽሑፍ ክስም ተከፈተበት፤ በኋላ ተዘጋ። ወጣቶቹ ልብ ያሉት አይመስልም እንጂ፣ ተቃውሟቸው ራሱ ከሶሮኪን ልቦለድ የተቀዳ ትዕይንት ነበር።

ትንቢት ወይስ ጆሮ?

ነቢይ ያሰኘው መጽሐፍ በ2006 የወጣው «የኦፕሪችኒኩ ቀን» ነው። ኦፕሪችኒኮች ኢቫን አስፈሪው ከ1565 እስከ 1572 ጠላት ያለውን ሁሉ ያስፈጀባቸው የግል ዘበኞች ናቸው። ልቦለዱ እነሱን ወደ 2020ዎቹ መጨረሻ ያመጣቸዋል። ሩሲያ ከምዕራብ በግንብ ተለይታለች። ንጉሥ ተመልሷል። ሰዉ ፓስፖርቱን ቀይ አደባባይ ላይ አቃጥሏል። ዕቃው ሁሉ የቻይና ነው። ኦፕሪችኒኩ ኮምያጋ በቅንጦት መኪናው ላይ የውሻ ጭንቅላት ሰቅሎ ይሄዳል። የስልኩ ጥሪ የጅራፍ ድምፅና የሚገረፍ ሰው ጩኸት ነው።

ይህን ከ2022 በኋላ ያነበበ ሰው መደንገጡ አይቀርም። ግን ሶሮኪን ወደፊቱን አላየም። በ2006 በዙሪያው የሚነገረውን ሰማ። በዚያ ዓመት የክሬምሊኑ ስትራቴጂስት ቭላዲስላቭ ሱርኮቭ «ሉዓላዊ ዴሞክራሲ» የሚል ሐረግ ያስተዋውቅ ነበር። የድሮ ቃላት፣ የቤተ ክህነት ቃላት፣ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መገናኘት ጀምረው ነበር። ሶሮኪን ያደረገው ያን ድብልቅ እስከ መጨረሻው መግፋት ነው። እንዲህ የሚናገር ሰው ምን ዓይነት ቀን ይውላል ብሎ ጠየቀ።

የመጽሐፉ ዋና ብልኃት ተራኪው ኮምያጋ ራሱ መሆኑ ነው። ሰውዬው አይዋሽም። ቤት ያቃጥላል፣ ይገድላል፣ ይደፍራል፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንባ ያፈሳል። ሁሉንም በለስላሳ፣ ጥንታዊና ቅዱስ በሚመስል ቋንቋ ይተርካል። ጥፋቱን አይደብቀንም፤ ጥፋት የሚልበት ቃል የለውም። ንቃተ ኅሊናው እስከ ቃላቱ ዳርቻ ድረስ ብቻ ይሄዳል።

በየካቲት 2022 የሩሲያ የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪ ጋዜጦች «ጦርነት» እና «ወረራ» የሚሉትን ቃላት እንዳይጠቀሙ አዘዘ። ይፋው ስም «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ሆነ። በመጋቢት መጀመሪያ የወጣው ሕግ ስለ ሠራዊቱ «ሐሰት» በሚያሰራጭ ላይ እስከ 15 ዓመት እስራት አስቀመጠ። የሞስኮ የወረዳ ምክር ቤት አባል አሌክሲ ጎሪኖቭ በስብሰባ ላይ ጦርነት ነው፣ ልጆችም እየሞቱ ነው በማለቱ በሐምሌ 2022 ሰባት ዓመት ተፈረደበት። እንዲህ ያለ ሕግ አንድ ቃል ከአፍ ከወጣ ከጭንቅላትም ይወጣል ብሎ ያስባል። ልቦለዱ የፈተሸውም ይህንኑ ግምት ነው።

ፔሌቪን፦ ክፍሉ ባዶ ከሆነስ?

ፔሌቪን በ1962 ሞስኮ ተወለደ። እሱም መሐንዲስ ነው። ከ2000ዎቹ ወዲህ አደባባይ አይወጣም፣ ቃለ መጠይቅ አይሰጥም፤ መጽሐፉ ብቻ ይወጣል። ሶሮኪን ቋንቋው ሲፈርስ ያሳያል። ፔሌቪን ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድና ንቃተ ኅሊናውን ራሱን ይጠረጥራል።

በ1992 የወጣው «ኦሞን ራ» ጠፈርተኛ ለመሆን የሚመኝ ልጅ ታሪክ ነው። ወደ ጨረቃ የሚላከው «ሰው አልባ» የተባለ ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀምጦ ፔዳል የሚመታው እሱ ነው። በመጨረሻ ጨረቃው ሁሉ ሞስኮ ከመሬት በታች ባለ የሜትሮ ዋሻ ውስጥ እንደነበር ይደርስበታል። ተራ የማጋለጥ ታሪክ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ፔሌቪን ግን በአንድ መኮንን አፍ ሌላ ነገር ያስገባል። መኮንኑ እንደሚለው ባንዲራው ጨረቃ ላይ እንዲውለበለብ አንዲት ንጹሕ ነፍስ ብታምንበት ይበቃል፣ ምክንያቱም ባንዲራው የሚውለበለበው በዚያች ነፍስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የልጁ ንቃተ ኅሊና የመንግሥቱ የማምረቻ ቦታ ሆነ። ውሸቱን የሚያቆመው ካሜራ ሳይሆን የሚያምን ሰው ነው።

በ1996 የወጣው «ቻፓዬቭና ፑስቶታ» የብዙዎች ምርጥ ነው፣ የእኔም። ፒዮትር ፑስቶታ የተባለ ገጣሚ በሁለት ዘመን ይኖራል። በአንዱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከቀይ ጦሩ አዛዥ ቻፓዬቭ ጋር ነው። በሌላው በ1990ዎቹ በሞስኮ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝቷል። የቱ ሕልም የቱ እውን እንደሆነ አይወሰንም። የቤተሰብ ስሙ «ባዶነት» ማለት ነው። ቻፓዬቭ በሶቪየት ፊልምና በሕዝብ ቀልድ የታወቀ ጀግና ነበር። ፔሌቪን የቡድሂስት መምህር አደረገው።

በአንድ ታዋቂ ንግግር ቻፓዬቭ ፔትካን (ፒዮትርን በቁልምጫ ስሙ) የት ነህ ይለዋል። ንቃተ ኅሊናዬ ውስጥ። እሱስ የት ነው? ጭንቅላቴ ውስጥ። ጭንቅላትህስ? ትከሻዬ ላይ። እንዲህ እያሉ ክፍሉን፣ ቤቱን፣ ሩሲያን፣ ምድርን አልፈው አጽናፈ ዓለም ላይ ይደርሳሉ። አጽናፈ ዓለሙስ የት ነው ሲባል ፔትካ ዞሮ ዞሮ ንቃተ ኅሊናዬ ውስጥ ወደሚለው መልሱ ይመለሳል። ቀልድ ነው፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የወጣው ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ካርታው፣ ገንዘቡ፣ የመንገዱ ስም ሁሉ ተቀይሯል። «የት ነህ» የሚለው ጥያቄ ያኔ ለፍልስፍና ብቻ የሚቀርብ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ «ጄኔሬሽን ፒ» መጣ። ጀግናው ቫቪለን ታታርስኪ ገጣሚ ለመሆን የተማረ ሰው ነው። ስሙ ከጸሐፊው ቫሲሊ አክሲዮኖቭና ከሌኒን ስሞች የተቀጠለ ነው። ግጥም የሚገዛ ስለሌለ ማስታወቂያ ጸሐፊ ይሆናል። እያደገ ሲሄድ በቴሌቪዥን የሚታዩት ፖለቲከኞች በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች መሆናቸውን ያገኛል። በመካከሉ የቼ ጉቬራ መንፈስ መጥቶ ስለ ቴሌቪዥን ያስተምራል። እንደ ትምህርቱ ከሆነ ሰው ጣቢያ ሲቀይር አንድ ነገር ይገለበጣል። መጀመሪያ ሰው ቴሌቪዥኑን ይቆጣጠር ነበር። ማስታወቂያውን ለመሸሽ ጣቢያ መቀየር ሲጀምር ግን እጁን የሚያዘው ማስታወቂያው ነው። «እኔ» የሚለው ከጣቢያ ጣቢያ የሚዘል ትኩረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በስልኩ ስክሪን ላይ በጣቱ እየገፋ ሰዓቱ የሚያልፍበት የዛሬ ሰው ይህን ለመረዳት ቴሌቪዥን አያስፈልገውም።

በፔሌቪን ላይ የሚነሳው ትችት ቀላል አይደለም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው አቀራረብ ተደጋግሟል፤ ዓለም በድብቅ ኃይል ትመራለች፣ ጀግናው ያውቃል፣ በመጨረሻ ባዶነት ውስጥ ይሟሟል። ሁሉም ሽንገላ ከሆነ ገዳይና ተገዳይም ሽንገላ ናቸው? ይህ ጥያቄ የሚገባ ይመስለኛል። ሁሉን እኩል የሚያደርግ ባዶነት ለማንም ሥልጣን አያስቸግርም። ከመጻሕፍት መደብር የማይነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ታትያና ቶልስታያን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በ2000 የወጣው «ክስ» (ቃሉ ሩሲያኛ ነው፤ በልቦለዱ ውስጥ የሚፈራ ምናባዊ አውሬ ስም ነው) ከአንድ ታላቅ ፍንዳታ በኋላ የቀረችን ሞስኮ ያሳያል። ምዕራፎቹ በድሮው የስላቭ ፊደል ስም ይጠራሉ። ጀግናው ቤኔዲክት መጽሐፍ ይገለብጣል፣ ሁሉንም ያነባል፣ አንዱንም አይረዳም። ከእንጨት የፑሽኪንን ሐውልት ይጠርባል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። የፑሽኪንን የአፍሪካ የዘር ሐረግ ለሚከታተል የኛ አንባቢ ትዕይንቱ ሁለት ጊዜ ያሳዝናል። ማንበብ ብቻውን ኅሊና አያበቅልም የሚለውን ከሷ በላይ መራር አድርጎ የጻፈ አላውቅም።

ክሬምሊን ከልቦለዱ ተምሯል?

አሁን ወደ ክሱ። በምዕራብ ሀገራት ጋዜጦች «የፑቲን ሩሲያ ድኅረ ዘመናዊ አምባገነንነት ነው» የሚለው አባባል የተስፋፋው በተለይ የጋዜጠኛው የፒተር ፖሜራንትሴቭ መጽሐፍ በ2014 ከወጣ በኋላ ነው። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ሱርኮቭ ነው። ቲያትር የተማረ፣ የማስታወቂያ ሥራ የሠራ፣ ፓርቲ እንደ ድራማ የሚያቀናብር ሰው። በ2009 ናታን ዱቦቪትስኪ በሚል የብዕር ስም የወጣ ልቦለድ አለ። ጸሐፊው እሱ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። መቅድሙን ደግሞ በራሱ ስም የጻፈው ሱርኮቭ ነው። ጀግናው የሚኖረው የተገዛ ዝናና የተገዛ ጽሑፍ በሚሸጥበት ዓለም ነው።

ይህ ወገን ከፊል እውነት ይዟል። ሁሉን በምጸት የሚያይ ሰው ለመቃወም አይነሳም። የመጨረሻው የሶቪየት ትውልድ «ስትዮብ» የሚለው የማሾፍ ዘይቤ ነበረው። የሚሾፍበትን ነገር በጣም ከመምሰሉ የተነሳ ያሾፈ ይሁን ያመነ መለየት ያስቸግራል። ያ ዘይቤ ሰዉን ከፕሮፓጋንዳ ጠበቀው። ከፖለቲካም አራቀው። ሶሮኪን ራሱ በ2007 ለአንድ የጀርመን መጽሔት በሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ለዓመታት በውስጡ ያለውን ዜጋ ሲያፍነው እንደኖረ፣ ዜጋው አሁን እንደነቃ ተናግሯል።

ግን ክሱ ሁለት ነገር ይዘላል። ልቦለዱ ስፌቱን ያሳያል። ሶሮኪን ቋንቋው የት ላይ እንደሚቀደድ ጣቱን ይቀስራል። ፕሮፓጋንዳ ደግሞ የሚሠራው ስፌቱ ሳይታይ ሲቀር ነው። ተመሳሳይ መሣሪያ መያዝ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት አይደለም።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። አባባሉ ጊዜው ያለፈበት ነው። የ2000ዎቹ ክሬምሊን ብዙ ትርክት በአንድ ጊዜ ይለቅ ነበር፣ የትኛውም እንዳይታመን። ከ2022 በኋላ ያለው ግን ይህን ጨዋታ ትቷል። በኅዳር 2022 «ባህላዊ እሴቶችን» የሚዘረዝርና እንዲጠበቁ የሚያዝ ድንጋጌ ወጣ። ለአንድ ቃል ሰባት ዓመት የሚያስር መንግሥት በብዙ እውነቶች አይጫወትም። አንድ እውነት አለ፣ እሱም የኔ ነው ይላል። ያን ኃይል ድኅረ ዘመናዊ ብሎ መጥራት ከሚገባው በላይ ረቂቅ ያስመስለዋል።

ተናጋሪ የሌለው ቋንቋ

ጥያቄው ሩሲያ ላይ አልቆመም። «ሰማያዊ ጮማ» ውስጥ የወደፊት ሳይንቲስቶች ቶልስቶይን፣ ዶስቶየቭስኪን፣ ቼኾቭን፣ አኽማቶቫን እንደገና ያበቅላሉ። ፍጡራኑ ይጽፋሉ። ጽሑፋቸው የባለቤቱን ዘዬ ይመስላል፣ ግን ጠማማ ነው፤ ዘዬው አለ፣ ሰውዬው የለም። በ2017 የወጣው የፔሌቪን «አይፋክ 10» ተራኪ ደግሞ ስሙ ፖርፊሪ ፔትሮቪች ነው፤ በ«ወንጀልና ቅጣት» መርማሪ የተሰየመ የፖሊስ ፕሮግራም። ወንጀል ይመረምራል፣ እግረ መንገዱን ልቦለድ ያደርገዋል። «እኔ» እያለ ያወራል፣ ከቃላቱ ጀርባ ማንም እንደሌለም ራሱ ይነግረናል። ጽሑፍ የሚያመርት ፕሮግራም በየስልኩ ከመግባቱ አምስት ዓመት በፊት ነው። እዚህም ትንቢት መፈለግ አያስፈልግም። ቋንቋ ያለ ተናጋሪ ሊሠራ እንደሚችል በሶቪየት ስብሰባ አዳራሽ ያየ ትውልድ በማሽን ሲሠራ ቢያየው አይደነቅም።

ወደፊት ሊመጣ የሚችለው ምንድን ነው? ሳንሱሩ ገና እየከረረ ነው። በ2024 አኤስቴ የጣሊያናዊውን ፊልም ሠሪ የፓዞሊኒን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ ሲያሳትም ሕጉን ይነካሉ የተባሉትን ክፍሎች በጥቁር ቀለም ሸፍኖ ነው ለገበያ ያቀረበው። ጸሐፊዎች ከሀገር ውጭ ወደማሳተም እየተመለሱ ነው። ስለዚህ ሁለት የሩሲያኛ መደብሮች ይኖራሉ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። አንባቢው በኢንተርኔት ያሻግራቸዋል። ቋንቋው ግን ቀስ በቀስ መለያየቱ አይቀርም።

ሶሮኪን ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ በርሊን ሄዶ እዚያው ቀረ። ከገንዘብና ከዝና ይልቅ የሚያሰጋው ጆሮው ነው ብዬ አስባለሁ። የሱ ልቦለድ የሚሠራው በሰልፍ፣ በቢሮ፣ በቴሌቪዥን ዜና ላይ ቃል ሲጣመም በመስማት ነው። ሳሻ ሶኮሎቭ በ1975 ሀገሩን ከለቀቀ በኋላ ሦስተኛ ልቦለዱን በ1985 አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ልቦለድ አላሳተመም። በአንጻሩ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስዊዘርላንድ የሚኖረው ሚኻይል ሺሽኪን ትልልቅ ሥራዎቹን የጻፈው ውጭ ሆኖ ነው። በ2005 የወጣው «የቬኑስ ፀጉር» ተራኪ ለስዊዘርላንድ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን የሚያስተረጉም ሰው ነው። ሩሲያኛው እየመጣ የሚደርሰው በስደተኞች አፍ ነው፤ የትኛው ታሪክ የማን እንደሆነ እስኪምታታ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ይከመራል። ከ2022 በኋላ በርሊን፣ ትብሊሲና ዬሬቫን የደረሱት ሩሲያውያን ብዛት ሲታይ፣ ያ ጠረጴዛ ገና ብዙ ይሰማል።